የሰኞ ሕመም ሁሉ የጠርሙስ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ከስልክ ስልክ የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው በአንድ ፋብሪካ ኃላፊ እንደሆኑ ይናገራሉ። ጉዳያቸው መጠጥና የሕመም ፈቃድ ነው። ላላነበበው ሰው ባጭሩ ላስቀምጠው።

ሰኞ ሰኞ የሚቀር ሠራተኛ የሚቀረው እሑድ ጠጥቶ ነው ይላሉ። ሴቶች ከወንዶች የበለጠ የሕመም ወረቀት ያመጣሉ፤ ምክንያቱም ከቤተሰብ ርቀው ተከራይተው መኖር ሲጀምሩ መጠጥ ለምደዋል ይላሉ። ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ሰው ጭራሽ ከማይጠጣው ያነሰ እንደሚቀር የውጭ ጥናት አረጋግጧል ይላሉ። ጠላና ቦርዴ ምግብ ስለሆኑ እዚህ ውስጥ አይገቡም ይላሉ። በመጨረሻም መፍትሔ ያሉትን ይዘረዝራሉ፦ በር ላይ የትንፋሽ መመርመሪያ ማቆም፣ ሰኞ የተጻፈ ወረቀት አለመቀበል፣ ሦስት ቀን የቀረን ማሰናበት።

እኔ በሰው ኃይል ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የሕመም ወረቀት ስቀበል፣ ስመዘግብ፣ ስከራከርበት ነው የኖርኩት። መጠጥ ሥራን ይጎዳል በሚለው ከጸሐፊው ጋር ጠብ የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰው ከአልኮል ጋር በተያያዘ መሞቱን አስፍሯል። ከእነዚህ 2 ሚሊዮኑ ወንዶች ናቸው። ጠቤ ዕዳውን በማን ላይ እንደጫኑት ነው።

ከሰኞ ልጀምር።

ሰኞ ብዙ ሰው ይቀራል፣ እውነት ነው። ግን የፓርኩ የሥራ ሳምንት ስድስት ቀን ነው። የእረፍት ቀን እሑድ ብቻ ናት። ብዙዎቹ ልጆች የመጡት ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከአካባቢው ነው። ቅዳሜ ከሥራ እንደወጡ ወደ ቤተሰብ ይሮጣሉ። እሑድ ማታ ለመመለስ ሲነሱ መኪና የለም፤ ካለም ታሪፉ ሌላ ነው። ሰኞ ጠዋት ሰርቪሱ ጥሏቸው ይሄዳል። እንግዲህ ምን ያድርጉ? "መኪና አጥታ ነው" ብሎ ወረቀት የሚጽፍላት የለም። "አሟታል" ብሎ የሚጽፍ ግን አይጠፋም።

ሌላም አለ። እሑድ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ክፍት የምታገኘው ድንገተኛውን ነው። ቅዳሜ ማታ ትኩሳት የጀመራት ልጅ ካርድ አውጥታ የምትታየው ሰኞ ነው። ወረቀቷ ላይ የሚሰፍረውም የሰኞ ቀን ነው። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ "ጠርሙስ" ማለት አይቻልም።

ጸሐፊው መጠጡን ነጥሎ ማየት ከፈለጉ መንገድ ነበራቸው፤ የደሞዝ ቀን። ከደሞዝ በኋላ ያለውን ሰኞ ከደሞዝ በፊት ካለው ሰኞ ጋር ያስተያዩት። የጤና ጣቢያው ወረፋ በሁለቱም ሰኞ ያው ነው፤ ኪስ ግን አንድ አይደለም። በእርግጥ ደሞዝ ሲገኝ ወደ ቤተሰብ የሚሄደውም ይበዛል፤ ስለዚህ ፍጹም መለኪያ አይደለም። ከጭፍን ግምት ግን ይሻላል። እኔ በሠራሁበት ቦታ ከደሞዝ በኋላ ጎላ ብሎ ከፍ የሚለው የወንዶቹ መቅረት ነበር። የሴቶቹ እምብዛም አይነቃነቅም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ራሱ ልግባ፤ ጸሐፊው ጨርሶ ያልነኩት ይህን ነው። የሕመም ወረቀት ላይ ምን እንደሚጻፍ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጨጓራ። ታይፎይድ። ወገብ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ከእጄ ካለፉት ወረቀቶች "አልኮል" የሚል ቃል ያየሁበት የለም። ሐኪሙ ምን ያድርግ? ሰውየው ሆዴን ነው ያለው። ጨጓራውም በእርግጥ ተቆጥቷል፤ ማታ ያወረደው አረቄ አስቆጥቶታል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ "ጨጓራ" ይሰፍራል። ከጎኑ ደግሞ ስምንት ሰዓት ሙሉ ምግብ በልታ ሳትጠግብ፣ ታርጌት ስታሳድድ የዋለች ልጅ "ጨጓራ" አለች። ሁለቱም በአንድ ዓምድ ውስጥ ተቀመጡ። ከዚህ መዝገብ ተነስቶ ማን እንደጠጣና ማን እንዳልጠጣ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠንቋይ ነው።

ወንዶቹ ዘንድ ደግሞ ነገሩ መጠጥ ብቻ አይደለም። ይህ ከተማ የወንዶ ገነት ጫት ደጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ተቅሞ፣ ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳ፣ ማታ ለጨብሲ ይወጣል። ጨብሲው ቢራም አረቄም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ዞረ ድምሩ የሁለቱ ድምር ነው፤ እንቅልፍ ማጣቱም ሲታከልበት ሦስት ነው። ጸሐፊው ጫትን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

የሴቶቹ ጉዳይ ግን ዋናው ነው። ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ሴቶች ብዙ ወረቀት ያመጣሉ፤ ስለዚህ ይጠጣሉ። የጸሐፊው አካሄድ ይሄ ነው። ሰከን ብለን እንየው። ወንዶች በሁሉም አገር ማለት ይቻላል ከሴቶች በላይ ይጠጣሉ። በአውሮፓ፣ በተለይ በስካንዲኔቪያ አገሮች፣ የሕመም ፈቃድ የሚበዛው ግን ሴቶች ዘንድ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረው መጠጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። በጉዳዩ ላይ የተሠራ ጥናትም አለ። በ2006 ስዊድን ላይ የወጣ ጥናት የአገሩን ሕዝብ የመጠጥ ፍጆታና የሕመም ፈቃድ ለአሥርት ዓመታት ጎን ለጎን አስቀምጦ ተመለከተ። በነፍስ ወከፍ የዓመት ፍጆታ ላይ 1 ሊትር ንጹሕ አልኮል ሲጨመር የወንዶች የሕመም ፈቃድ በ13 በመቶ አብሮ ከፍ ይላል። የሴቶቹ ግን ትርጉም ያለው ለውጥ አላሳየም። በ2009 በኖርዌይ ተመሳሳይ ጥናት ተሠራ፤ ውጤቱም ያው፣ ወንዶች 13 በመቶ፣ ሴቶች ምንም። (ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።) ስዊድን ሀዋሳ አይደለችም፤ ግን ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው የውጭ ጥናት የጠቀሱት።

ታዲያ ሴቷ ለምን ትቀራለች? ልጅ ስላላት ነው፣ አንዱ ምክንያት። ልጅ ሲታመም የሚቀረው ማነው? አባትየው አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለወሊድ 120 ቀን ይሰጣል፤ 30 ከመውለድ በፊት፣ 90 ከወለደች በኋላ። መልካም ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ቢያስመልሰው፣ ቢያተኩሰው የሚሆን ደሞዝ ያለው ፈቃድ ግን የለም። ለድንገተኛ ከባድ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ይፈቀዳል፤ እሱም በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። እናት ምን ታደርጋለች? ልጇን አዝላ ክሊኒክ ትሄድና በራሷ ስም ወረቀት ታወጣለች። "ታይፎይድ" ይላል። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ማህተም እናያለን። ሕፃኑን አናየውም።

ሁለተኛው ምክንያት ማዕረግ ነው፤ ይህን ጸሐፊው ከእኔ በላይ ማወቅ አለባቸው። ሱፐርቫይዘሩ፣ ሜካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ የቢሮው ሰው ሰኞ ጠዋት አልነሳ ሲለው ስልክ ያነሳል። "ዛሬን ዓመት ፈቃድ አድርጉልኝ" ይላል። ይደረግለታል። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ ቆይታው ሲጨምር ፈቃዱም ይጨምራል። ነባር ሰው የሚመነዝረው ብዙ ቀን አለው። እነዚህ መደቦች ላይ ያሉት ደግሞ በብዛት ወንዶች ናቸው። የማምረቻ መስመር ላይ ያለችው ልጅ እንዲህ ብላ ብትደውል ስልኩን የሚያነሳላት የለም። ፈቃድ አስቀድሞ ነው የሚጠየቀው ትባላለች። ስለዚህ የእሱ ስካር "ዓመት ፈቃድ" ተብሎ ይመዘገባል፣ የእሷ የወር አበባ ሕመም "የሕመም ፈቃድ" ተብሎ ይቆጠራል። ከዚያ አንድ ሰው ተነስቶ የሕመም ፈቃዱን ብቻ ይቆጥርና ሴቶች በዙ ይላል።

ሦስተኛው መናገር የሚከብደው ነው። መጠጥ ሴት ሠራተኞችን ከሥራ አያስቀርም አላልኩም። ያስቀራል። ብዙ ጊዜ ግን የጠጣችው እሷ አይደለችም። ባሏ ወይም አብሯት የሚኖረው ሰው ሰክሮ ይገባል። ሌሊቱን በሙሉ አትተኛም። አንዳንዴ ፊቷ ያብጣል፤ "ደረጃ ላይ ወደቅኩ" ትላለች፣ የምትኖርበት ግቢ ግን ደረጃ የለውም። ሁለት ቀን ትቀራለች፣ እብጠቱ እስኪጎድል። ይህ መዝገብ ላይ የእሷ መቅረት ነው። እሱ ሰኞ ሥራው ላይ ተገኝቷል፤ አቴንዳንሱ ሙሉ ነው።

ሴቶች አይጠጡም ለማለትም አይደለም። የሚጠጡ አሉ፤ ቁጥራቸውን በደፈናው መናገር አልፈልግም። የሚጠጡት ደግሞ ከወንዱ በላይ ይደብቁታል፤ ለወንድ "ትንሽ ያበዛል" የሚባለው ለሴት ስም ማጥፊያ ስለሆነ። አካሉም ለእሷ አያዳላም። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው የውኃ መጠን በአማካይ ከወንድ ያነሰ ነው፤ አልኮል ደግሞ የሚሰራጨው በውኃው ውስጥ ነው። ስለዚህ እኩል ክብደት ያላቸው ወንድና ሴት እኩል ቢጠጡ በእሷ ደም ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። የጡት ካንሰር አደጋም ከመጠጥ ጋር አብሮ ይጨምራል። እንግዲህ የምትጠጣ ሴት ሠራተኛ እርዳታ ያስፈልጋታል። ጸሐፊው የሰጧት ግን ስድብ ነው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያነበበች ልጅ ነርስ ፊት ቀርባ "እጠጣለሁ" የምትል ይመስላችኋል?

ተከራይተው መኖራቸው አበላሻቸው የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አራት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩ፣ ከደሞዛቸው ላይ ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለቤተሰብ የሚቆርሱ ልጆች ናቸው። ቢራ የሚጠጡበትን ብር ከየት እንደሚያመጡት ጸሐፊው ቢነግሩን ጥሩ ነበር። ለነገሩ የአቴንዳንስ ቦነስ አለ፤ አንድ ቀን ከቀረች የሚቀርባት። ስለዚህ አብዛኞቹ ሲታመሙም ይመጣሉ። ማሽን ላይ ተደፍተው ይውላሉ። ይህ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

"ትንሽ መጠጣት ከሥራ አያስቀርም" የሚለው ላይ ጸሐፊው ከባዶ አልተነሱም። በአውሮፓ የተሠሩ ጥናቶች ጭራሽ የማይጠጣውም፣ አብዝቶ የሚጠጣውም በመጠኑ ከሚጠጣው የበለጠ እንደሚቀሩ አሳይተዋል። ችግሩ ጸሐፊው እዚያው ማቆማቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ከፊንላንድ፣ ከፈረንሳይና ከእንግሊዝ መረጃ ይዞ የወጣ ጥናት ሰዎቹ በምን ሕመም እንደቀሩ ለይቶ ተመለከተ። የማይጠጡት የሚቀሩት በአእምሮ ሕመም፣ በጡንቻና በአጥንት ሕመም፣ በመተንፈሻና በምግብ መፍጫ አካላት ችግር ነው። አብዝተው የሚጠጡት ዘንድ ጎልቶ የወጣው አካላዊ ጉዳትና መመረዝ ነው። ሁለት የተለያየ ዓይነት ሰው፣ ሁለት የተለያየ ምክንያት ማለት ነው።

መጠጥ ባህል በሆነበት አገር አንድ ሰው ጭራሽ የማይጠጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው። ድሮ ታሞ አቁሟል፣ ወይም ከመጠጥ ጋር የማይስማማ መድኃኒት ይወስዳል። አለመጠጣቱ አላሳመመውም፤ ሕመሙ ነው መጠጥ ያስተወው። ሀዋሳ ያለውን የማይጠጣ ሰው ደግሞ እዩት። ፕሮቴስታንት ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ወይ ቤተሰቡ እንደዚያ አሳድጎታል፣ ወይ ብር የለውም። ከፊንላንዱ ሰው ጋር በምንም አይገናኝም። የፊንላንዱን ውጤት አምጥቶ ለዚህ ልጅ "አንድ አንድ ብትል ጤና ነው" ማለት ትልቅ ጥፋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2023 ለጤና አደጋ የሌለው የመጠጥ መጠን የለም ብሏል።

ጠላና ቦርዴ። ቦርዴ ላይ ግማሽ እውነት አለ። ወፍራም ነው፣ የአልኮል መጠኑ ዝቅተኛ ነው፣ የቀን ሠራተኛ በምሳ ፋንታ ጠጥቶት ይውላል። በዚህ ልስማማ። ጠላ ግን ሂሳብ ይፈልጋል። 3 በመቶ አልኮል ያለው ጠላ አንድ ሊትር ቢጠጣ 24 ግራም ያህል አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሆነና 5 በመቶ ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሊትር ጠላ ወደ ሁለት ቢራ ይጠጋል፤ ጠላ ቤት ገብቶ በአንድ ሊትር የሚወጣ ደግሞ ብዙም አላየሁም። ወፍራም ጠላ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል። ስለ አረቄ ጸሐፊው ዝም ብለዋል። አረቄ ከ40 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ የሰኞውን ችግር የሚያባብሰውም ከሌላው ይልቅ እሱ ይመስለኛል። ቢራን ብቻ ነጥሎ መውቀስ የሚቀለው ጠርሙሱ ስለሚታይ ነው።

ወደ መፍትሔው እንምጣ።

የትንፋሽ መመርመሪያው በር ላይ ማንን ይይዛል? የመጣውን። የቀረው ሰውዬማ ቤቱ ተኝቷል። ጸሐፊው የጻፉት ስለሚቀር ሰው ሆኖ መሣሪያውን ያዘጋጁት ለሚመጣ ሰው ነው። ሂሳቡንም እንየው። ጉበት በሰዓት በአማካይ ከ7 እስከ 10 ግራም አልኮል ያስወግዳል። እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቢራ የጠጣ ሰው 78 ግራም ያህል ወስዷል። ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ደሙ ጠርቷል ወይም ሊጠራ ጥቂት ቀርቶታል። ዞረ ድምሩ የሚብሰው ግን ያን ጊዜ ነው፣ አልኮሉ ሲያልቅ። መመርመሪያው ዜሮ ይላል። ሰውየው እጁ እየተንቀጠቀጠ መቁረጫ ማሽን ላይ ይቆማል። ፎርክሊፍት ለሚነዳና ቦይለር ለሚጠብቅ ሰው ምርመራ ቢደረግ አልቃወምም፤ ያ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ሰክሮ ሥራ መግባትን ሕጉም ይከለክላል። የመቅረት መድኃኒት ነው መባሉ ግን አይሆንም።

የሰኞ ወረቀት አንቀበል የሚለው ደግሞ ሕግ የማያውቀው ነገር ነው። ሠራተኛው እውቅና ካለው የጤና ተቋም ማስረጃ ካመጣ ፈቃዱ መብቱ ነው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። አዋጁ ቀን አይመርጥም። ሦስት ቀን የቀረን ማሰናበትም አልተጻፈም። ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረትና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ሕመም ደግሞ በቂ ምክንያት ነው። የጸሐፊውን ምክር ሰምቶ የሚያሰናብት ድርጅት የሥራ ክርክር ችሎት ፊት ቆሞ ምን እንደሚል ማየት ነው።

ሱስ የያዘውን ሰው ማባረር ሌላም አደጋ አለው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱን ያንዘፈዝፈዋል፣ ሊሞትም ይችላል። "ከነገ ጀምሮ ወይ መጠጥ ወይ ሥራ" ተብሎ በዛቻ የሚተው ነገር አይደለም፤ ሕክምና ይፈልጋል።

ምን ይደረግ ካላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአሥር ጥያቄ መጠይቅ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ብዙ ይናገራሉ፦ በምን ያህል ጊዜ ትጠጣለህ፣ ስትጠጣ ስንት፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የምትጠጣው በየስንት ጊዜው ነው። የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ጨጓራዬን ላለ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ እነዚህን ትጠይቅ። ወረቀቱ ለሰው ኃይል ክፍል አይላክ። የሚላክ ከሆነ ማንም እውነቱን አይናገርም። በአጭር ምክር የሚመለስ ብዙ ሰው አለ፤ የከበደበትን ወደ ሪፈራል ሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል መላክ ይቻላል። ለእናቶች ደግሞ ልጅ ሲታመም በስሙ የሚጠራ ጥቂት ቀን ፈቃድ ይሰጥ። ሕጉ አልከለከለም፤ ድርጅቱ በኅብረት ስምምነት ሊጨምረው ይችላል። ያን ጊዜ "ታይፎይዱ" በአንድ ወር ውስጥ ሲቀንስ ታያላችሁ።

ጸሐፊው መዝገቡ እጃቸው ላይ አለ። በጾታ ብቻ ሳይሆን በሥራ መደብ ይክፈሉት። የደሞዙን ሳምንት ለብቻው ያውጡት። ሰኞ ጠዋት በስልክ የተሞላውን ዓመት ፈቃድም ይጨምሩበት፣ የሱፐርቫይዘሮቹንና የኃላፊዎቹን ጭምር። ቁጥሩን ያለ ስም ያውጡልንና ከዚያ እንነጋገር።